ጤነኛ ማሕፀኔን አክመው አሳመሙት

ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰዎች ነው። አንደኛዋ ልጅ ፈልጋ ከክሊኒክ ክሊኒክ የምትንከራተት ሴት ናት፤ ለእሷ የምጽፈው እንድትጠነቀቅ ነው። ሁለተኛው ባሏ ነው፤ ለእሱ የምጽፈው እንዲያፍር ነው። ሌላው ሰው ቢያነበው አልከለክልም። "አይዞሽ፣ ሁሉም ለበጎ ነው" ሊለኝ ያሰበ ካለ ግን ይቅርብኝ። እሱን ስምንት ዓመት ሙሉ እስኪያንገሸግሸኝ ጠጥቼዋለሁ።

ስሜ ትብለጥ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሰው ልጅ እንዴት እንደሚፀነስ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልሁ አስረዳለሁ። ፅንስ ከእናትም ከአባትም ድርሻ እንደሚፈልግ ያልገባው ተማሪ እኔ ዘንድ አያልፍም። ይህንኑ ለሰው ልጆች እያስተማርሁ ራሴ አራት ዓመት ለብቻዬ ታከምሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማንን እንደምንቅ ለሚጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የምንቀው ራሴን ነው። ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቁ።

ባለቤቴ አስማረ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነው። ገበሬውን ሰብስቦ "ቡቃያው ሲሳሳ መሬቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ዘሩን ፈትሹ" እያለ ሲያስተምር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ደግ ሰው ነው፤ አይጠጣም፤ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ዝምተኛ ነው። ልንጋባ ስንል ዘመዶቼ "ዝም አይነቅዝም" ብለው ያደነቁለት ይህንኑ ዝምታውን ነበር። ይነቅዛል። እኔ አይቻለሁ።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አማቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከገሳይ ሊጠይቁን መጡ። ማታ እግራቸውን አጥቤ ስነሣ ሆዴን አዩት።

"ልጄ፣ ሆድሽ ምን ይላል?" አሉኝ።

"ምንም አይል እናትዬ።"

"እንግዲያ አናግሪው እንጂ!"

ተሳሳቅን። ከዚያ በኋላ አብረን የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም።

በሳምንቱ ከገበያው ከፍ ብሎ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ስሙን አልጽፍም። ሰሌን ያነጠፉበት ኮሪደር ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሦስት ሰዓት ተቀመጥሁበት። ከአጠገቤ ያሉት ሁሉ ሴቶች ነበሩ። አንድም ወንድ አልነበረም። ያን ጊዜ ይህ ምንም አልመሰለኝም፤ ዛሬ ግን የዚያን ኮሪደር ፎቶ ባገኝ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ አስተምርበት ነበር።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አላየኝም።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሃያ ሰባት።"

"ከተጋባችሁ?"

"ሁለት ዓመት።"

"ኢንፌክሽን ነው" አለና መጻፍ ጀመረ። ደም አልተወሰደ፣ ሽንት አልታየ፣ ሆዴ አልተነካ። ሰውዬው ገጽታዬን እንኳ ሳያይ ማሕፀኔን አየ።

የሰጠኝን ኪኒን ውጬ ጨረስሁ። ሌላ ሰጠኝ፤ እሱንም ጨረስሁ። በዓመቱ በሽታው ስም ቀየረ፤ "ማሕፀንሽ በርዶታል" አለኝ። የሰው ሰውነት ሙቀቱ ስንት እንደሆነ በየወሩ ፈተና አወጣለሁ። "ማሕፀን ለብቻው እንዴት ይበርዳል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ቲቸር ነሽ አይደል? ደብረ ታቦር እንግዲህ ብርድ ነው" ብሎ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀች። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ አብሬ ሳቅሁና መርፌዬን ተወግቼ ወጣሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባለቤቷ እኔ ነበርሁ፤ እንዲነቀንቁኝ የፈቀድሁትም እኔ ነኝ።

መታከም በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት "ማሕፀንሽ ቆሽሿል፤ ይጠረግ" አለኝ። እዚህ ላይ በደንብ አንብቡ። መጥረግ ማለት በብረት መሣሪያ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን መፋቅ ነው። ፅንስ ሲወርድና ደም አልቆም ሲል፣ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ሲኖር የሚደረግ ነገር ነው፤ ሕይወትም ያድናል። እኔ ግን ፅንስ አልወረደኝ፤ ደምም አልፈሰሰኝ። የተጠረግሁት እንደ ጓዳ፣ አቧራ አለ ተብሎ ነው። ስጮኽ ረዳቱ "ይህን ካልቻልሽ ምጡን እንዴት ልትችይው ነው?" አለችኝ። አስማረ ውጭ ባጃጅ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ስወጣ "አመመሽ?" አለኝ። "አዎ" አልሁት። "አይዞሽ" አለኝ። በስድስት ወሩ ሐኪሙ ደገመኝ።

ከሁለተኛው በኋላ የወር አበባዬ ተለወጠ። ድሮ አምስት ቀን የሚቆየው አንድ ቀን፣ እሱም ጠብ ጠብ ብሎ የሚያልፍ ሆነ። ለሐኪሙ ነገርሁት። "ጥሩ ነው፤ ጸዳሽ ማለት ነው" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ገልቱነቴን ለመደበቅ ይህን ብተወው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ጽሑፉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ማሕፀኗ ከተጠረገ በኋላ ደሟ በአንድ ጊዜ የቀነሰባት ሴት ካለች፣ አልጸዳችም። ተጎድታለች። ትሂድና ትታይ።

በመሃል ጠበልም ተጠምቄያለሁ። ስለ ጠበሉ ክፉ አልናገርም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል እንጂ ማንንም አልፋቀም። ከእብናት የመጣ ሥር ቆፋሪ ያጠጣኝ ግን ሦስት ቀን አስታወከኝ፤ "በሽታው እየወጣ ነው" አለኝ። ምሳዬ ነበር የወጣው።

በአምስተኛው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባሕር ዳር ያለች የማሕፀን ስፔሻሊስት ጠቆመችኝ። ጸጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ያመጣሁላትን የመድኃኒት ማዘዣ ቁልል አንድ በአንድ አገላበጠች፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ዓይኔን አየኝ።

"ባልሽ የት አለ?"

"ሥራ ላይ ነው።"

"የእሱ ምርመራ የትኛው ነው?"

"የእሱ የለም።"

"እንግዲያ እሱ ሳይመጣ አልነካሽም" ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝ።

አስማረን ባሕር ዳር ለመውሰድ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አንድ ጊዜ ስብሰባ፣ አንድ ጊዜ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ አንድ ጊዜ ወገቤን። አራት ዓመት እኔ እግሬን ከፍቼ ስፋቅ አንድ ቀን የሥራ ፈቃድ አልከበደኝም፤ እሱ ብልቃጥ ይዞ መጸዳጃ ቤት ለመግባት የማዳበሪያ ሥርጭት አገደው። በመጨረሻ መጣ። ውጤቱ በዚያው ቀን ደረሰ፤ የዘር ፈሳሹ ውስጥ ያለው የዘር ቁጥር እጅግ ጥቂት፣ ያለውም ደካማ። ሐኪሟ በወግ አስረዳችው፤ ነውር እንዳልሆነ፣ በብዙ ወንዶች ላይ እንደሚደርስ ነገረችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

በሚኒባሱ ስንመለስ መንገዱን እስክናጋምስ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ለእናቴ አትንገሪ" አለኝ።

የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። "ይቅርታ" አላለም፤ "በከንቱ ተሠቃየሽ" አላለም። እኔም "እሺ" አልሁት። ለምን እሺ እንዳልሁት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አዝኜለት ነው። የሚያሳዝን ሰው ደግሞ፣ ከሚጨክን ሰው የበለጠ ይጎዳል።

የቀረን መንገድ አይ ቪ ኤፍ የሚሉት ነበር። የሴቲቱን እንቁላል ያወጣሉ፤ ከባልየው ዘር ጋር በላቦራቶሪ ያገናኙታል፤ ፅንስ ሲሆን መልሰው ማሕፀን ውስጥ ያስቀምጡታል። የአስማረ ዘር ጥቂት ስለሆነ አንድ አንዱን እየመረጡ እንቁላሉ ውስጥ ይወጉታል። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብን። ስንት እንደወጣ አልጽፍም፤ እሱ ከአባቱ የደረሰውን ባሕር ዛፍ፣ እኔ ጥሎሼን መሸጣችን ይበቃል። ከእንቁላሎቼ ስድስት ፅንስ ተገኘ። ሐኪሙ "ቆንጆ ቆንጆ ፅንሶች ናቸው" አለን። ከትልቅ ሐኪም የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋና ስለሆነ አለቀስሁ።

ሁለቱን አስገቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በደም ምርመራ የእርግዝና ሆርሞን አልተገኘም። ፅንሱ አልያዘም። የቀሩትን በቅዝቃዜ አስቀምጠዋቸው ስለነበር ከአምስት ወር በኋላ ሌላ ሁለት አስገቡ። አልያዘም። በዓመቱ አንድ አስገቡ። አልያዘም። የቀረው አንድ ብቻ ሆነ።

እነዚያን ሁለት ሁለት ሳምንታት ያላለፈች ሴት አይገባትም። ደረጃ ስወጣ እንዳላስነጥስ ፈርቼ አፍንጫዬን እይዝ ነበር፤ ካስነጠስሁ የሚወድቅ እየመሰለኝ። ባዮሎጂ አስተማሪዋ! በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ "የማሕፀንሽ ሽፋን ትንሽ ቀጠን ይላል፤ ቢሆንም ይኼ የዕድል ነገር ነው። ደግመን እንሞክራለን" አለኝ። ዕድልን ለሎተሪ አዟሪ ትቼው ነበር የመጣሁት።

ከቢሮው ወጥቼ ወረፋ መጠበቂያው ላይ ተቀመጥሁ። ከአጠገቤ ሀያት ነበረች። ሀያት የአንበሳሜ ሰው ናት፤ ጨርቅ ትነግዳለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቀጠሮ እየተገናኘን ተዋውቀናል። እሷ አራት ጊዜ ነበር ያልያዘላት። ሻርፗን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጠይቅሽ? ደምሽ ሲመጣ እንዴት ነው?"

"ትንሽ ነው። አንድ ቀን፣ ግማሽ ቀን።"

"ከድሮም?"

"አይ። ከተጠረግሁ ወዲህ።"

ሀያት ዓይኗን አፈጠጠች። "ተጠርገሻል? ወላሂ፣ ይህን ነግረሻቸዋል?"

አልነገርኋቸውም። መጀመሪያ ስንመዘገብ "ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና አድርገሻል?" የሚል ጥያቄ ነበር፤ "የለም" ብዬ ሞልቻለሁ። ሆዴ በቢላ አልተከፈተማ! ሐኪሙም ወረቀቱን አምኖ በቃሉ አልጠየቀኝም። በአንዲት "የለም" አምስት ፅንስ አለቀ።

"እኔን ማሕፀኔ ውስጥ ቀጭን ካሜራ አስገብተው አዩኝ፤ ውስጤ ደህና ሆነ" አለች ሀያት። "አንቺም እንዲያዩሽ ጠይቂ። ቤቱ ሳይታይ እንግዳ ይጠራል እንዴ?"

እስከዚያ ቀን ከከፈልሁላቸው ሰዎች ሁሉ የበለጠ የረዳችኝ፣ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጠች ጨርቅ ነጋዴ ናት።

ለካሜራው ቀጠሮ አስይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ቤት ስደርስ ግን ሌላ ጉድ ቆየኝ። በሳምንቱ እሁድ አማቴ ወንድማቸውንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትለው ከገሳይ መጡ። የንስሐ አባታችንንም አባ ተክሌን አስጠርተዋል። ጠላ ቀድቼ ዳር ላይ ተቀመጥሁ። ወንድማቸው ስለ ዘር መቀጠል፣ ስለ ርስት፣ ስለ ሽምግልና ብዙ ዞረው ሲያበቁ አማቴ አቋረጧቸው።

"ምን ያዞራችኋል? የማያበቅል መሬት ይዞ እስከ መቼ? ልጄ ዕድሜው ሄደ። እሷን በሰላም ይሸኛት፤ እሱ ሌላ ያግባ።"

አስማረን አየሁት። ምንጣፉን ያያል። ጠበቅሁት። በዚያች ቤት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ እሱም የእሱ ነበር። አባ ተክሌም አዩት። ጠላውን አንስቶ ጠጣ።

ያን ጊዜ ነው ቃሌን ያፈረስሁት።

"እናትዬ፣ መሬቱ አይደለም" አልሁ። "ዘሩ ነው። ልጅዎ ያውቃል፤ ሁለት ዓመት ሆነው ካወቀ።"

አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ሰማችሁ? ልጄን ስትሰድበው ሰማችሁ?"

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ዝም እስኪሉ ጠበቁና ወደ አስማረ ዞሩ።

"ልጄ፣ እውነት ነው?"

የጠላውን ዋንጫ አስቀመጠ።

"አዎ አባቴ" አለ።

"እያወቅህ ሚስትህ በዚህ መሃል ስትከሰስ ዝም አልህ?"

"አዎ አባቴ።"

አባ ተክሌ ተነሡ። "እንግዲያ ዛሬ የሚሸመገል ነገር የለም፤ የሚናዘዝ ሰው ነው ያለው" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ተከተሏቸው። አማቴ ግን በሩ ላይ ቆመው "ለእሷ ብሎ ነው፤ የእኔ ልጅ እንዲህ አይደለም" አሉ። እስከ ዛሬም እንዲያ ነው የሚሉት። የላቦራቶሪ ወረቀት ቢያሳዩዋቸው ላቦራቶሪውን ነው የሚጠራጠሩት።

ሁለት ወር አስማረን አላነጋገርሁትም። ምግቡን አቀርባለሁ፤ እሱ ይበላል፤ ሳህኑን ያጥባል። ድሮ ሳህን አያጥብም ነበር። ንስሐው ይህ ከሆነ ብዬ በልቤ አፌዝሁበት። የካሜራው ቀን ሲደርስ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ እሱ ቀድሞኝ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። "ውረድ" አልሁት። አልወረደም።

አዲስ አበባ በካሜራ ያየችኝ ሌላ ሐኪም ናት፤ ወጣት። ሲያልቅ ስዕሉን አሳየችኝ። ማሕፀኔ ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እንደ ሸረሪት ድር የተወጠረ ነጭ ጠባሳ ነበር። ሽፋኑ ሲፋቅ የቆሰለው ቦታ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው የዳነው አለችኝ። "ፅንሱ ደህና ነበር። የሚያርፍበት ቦታ ነው ያጣው።"

"መጀመሪያ ጤነኛ ነበርሁ ማለት ነው?" አልኋት።

"ከመጠረግሽ በፊት ችግር እንደነበረብሽ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም" አለች።

አስማረ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ዞሬ አላየሁትም፤ ሲያለቅስ ግን ሰማሁት። ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ደስ አለኝ።

ያቺው ሐኪም ጠባሳውን በካሜራ እየተመራች በቀጭን መቀስ ቆረጠችው። መልሶ እንዳይጣበቅ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ፊኛ ውስጤ አኖረች፤ ከዚያ ሽፋኑን የሚያሳድግ ሆርሞን ሁለት ወር ዋጥሁ። አንድ ማለዳ፣ ትምህርት ቤት ልሄድ ስል ደሜ መጣ፤ እንደ ድሮው፣ ቀይ፣ ብዙ። አራት ቀን ቆየ። በሕይወቴ በወር አበባ ደስ ብሎኝ እልል ማለት የቃጣኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ለአራተኛው ሙከራ ከመሄዴ በፊት የካሜራውን ውጤት ይዤ ወደዚያ ክሊኒክ ሄድሁ። ኮሪደሩ ሞልቷል፤ ሴት ብቻ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና "ይኼ በተፈጥሮም ይመጣል" አለ።

"ሁለት ጊዜ ጠርገኸኛል።"

"እኔ አላስታውስሽም። ካርድሽ አለ?"

ረዳቱ ፈለገች፤ ካርዴ የለም። ካርዱ ላይ የጻፈው ሁሉ ጠፍቷል፤ የፋቀው ብቻ ነው የቀረው። ልሰድበው የሄድሁት ሴትዮ ወረቀቴን አጥፌ ተነሣሁ። ስወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆምሁና፣ ተማሪ ፊት እንደምናገረው ድምፄን ከፍ አድርጌ "እህቶቼ፣ ባሎቻችሁ ተመርምረዋል?" አልሁ። አንዷ ሳቀች። ሁለቱ ተነሥተው ተከትለውኝ ወጡ። የጤና ጽሕፈት ቤት ያስገባሁት አቤቱታ እስካሁን "እየታየ ነው"። በካሜራ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ታይቶ ነበር።

የመጨረሻውን ፅንስ አስገቡልኝ። በዚህ ጊዜ አልጋ ይዤ አልዋልሁም፤ አፍንጫዬንም አልያዝሁም። ውጤቱን ስልክ የደወለችልኝ ነርስ "እንኳን ደስ ያለሽ" ስትል "እርግጠኛ ነሽ? ስሜን ደግመሽ አንብቢው" አልኋት። ደግማ አነበበችው። አስማረ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ያዝሁት።

እርግዝናው ቀላል አልነበረም። ማሕፀን አንዴ ከቆሰለ እንግዴ ልጁ አለቅጥ ሊጣበቅ ይችላል፤ እኔም ላይ ደረሰ። ባሕር ዳር በቀዶ ጥገና ወለድሁ፤ ብዙ ደም ፈሰሰኝ፤ ሁለት ከረጢት ደም ሰጡኝ። አንዱ የአስማረ ነበር። ሴት ልጅ ናት። አማቴ መጥተው ታቀፏትና ግንባሯን ሳሙ። ከዚያ "ያኔ አጥቦ ያጸዳሽ ሐኪም ይባረክ" አሉኝ። ጥርሴን ነክሼ "አሜን" አልኋቸው። ከሰው ጋር የሚጣሉት ይሰማል ተብሎ ነው።

ልጄን ሕይወት አልኋት። ለሀያት ስልክ ደውዬ ነገርኋት። ሀያት ቀደም ብሎ አምስተኛውም አልያዘላትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተወችው። ከሌላ ሴት እንቁላል ለመውሰድ ውጭ አገር ሂጂ ብለዋት ነበር፤ አልፈለገችም። "ስሜን ወደ አማርኛ መለስሽው" ብላ ሳቀች። ቀጥላም "ቲቸር፣ እኔን እንዳታዝኚልኝ። ከዚያ ወንበር ተነሥቻለሁ፤ ወገቤን አላመመኝም" አለች። መተው ሽንፈት ነው የሚል ካለ ሱቋ ሄዶ ፊቷን ይይ። የእኔ ስለያዘ የሁሉም ይይዛል ብዬ አልዋሽም። መሞከር የፈለገች ትሞክር፤ ነገር ግን ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ካልያዘላት "ዕድል ነው" የሚላትን ሐኪም አትመን። ማሕፀኗ በካሜራ ይታይ፤ ያለፈችበትን ሁሉ፣ ትንሽ የመሰላትንም ትናገር። መተው የፈለገችም ቀና ብላ ትተው።

ባለፈው ወር በሥራ ክፍላችን አዲስ የተቀጠረች ወርቄ የምትባል አስተማሪ አንድ ወረቀት አሳየችኝ። ከተጋባች ሁለት ዓመቷ ነው። "ይጠረግ" ይላል።

"ባልሽ ተመርምሯል?" አልኋት።

"እሱ ደህና ነው።"

"ማን አለ?"

"ራሱ።"

ቤት ገብቼ እየተንጨረጨርሁ ለአስማረ ነገርሁት። ሰማኝና ጃኬቱን ከመስቀያው አወረደ። "እኔም ልምጣ" አለ።

የወርቄ ባል ባንክ የሚሠራ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ልጅ ነው። በወግ ተቀበለን። እኔ የሰሌዳዬን ትምህርት ጀመርሁለት፤ ፈገግ እያለ ይሰማኛል፤ ሴት ስታወራ እንደሚሰማ ወንድ። አስማረ ክንዴን ነካ አደረገኝ።

"ተይው፤ አንቺ ስትነግሪው አይሰማም። እኔም አልሰማሁም" አለኝ። ወደ ልጁ ዞረ። "ስማኝ ወንድሜ። እኛ ቤት ችግሩ የእኔ ነበር። የእኔ ዘር ነበር። ለመመርመር ስላፈርሁ፣ ካወቅሁም በኋላ ስለደበቅሁ እሷን ፋቋት፤ አምስት ልጅ አጣን። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስድሃለሁ፤ አብሬህ እገባለሁ።"

ወርቄ አቀርቅራ ነበር። ልጁ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም የለብኝም" አለ።

"እኔም ምንም አልነበረብኝም" አለው አስማረ።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።